የጋራው ገንዳ

በአንድ ተዳፋት ላይ የሰፈረ መንደር ነበር። ከላይ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከታች ወንዙ፣ በመካከል ቤቶቹ። ጠላ ጠማቂዋ፣ አረቄ አውጪዋ፣ ሥጋ ሻጩ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሁሉም በየሙያው ያድራል፤ ሁሉም ደግሞ የሚደፋው ነገር አለው። አተላው፣ የእህል እጣቢው፣ የሊጥ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ከአጥር ውጭ ይፈሳል፤ የፈሰሰው ቁልቁል ወርዶ ወንዝ ይገባል፤ ከወንዙ ደግሞ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ይቀዳሉ። በየዓመቱ በጋው ሲበረታና ወንዙ ሲጎድል የታችኛው ሰፈር ልጆች ሆዳቸውን ይታመማሉ። የሚድን ይድናል፣ የማይድን ይቀበራል።

በመንደሩ ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም አባባ ይላቸዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር እንደተቀመጠ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«የምንደፋው እኮ አብዛኛው የከብት ቀለብ ነው። አንድ ቦይ እንቆፍር፤ በየደጁ እያለፈ ታች ሜዳው ላይ ወዳለ ገንዳ ይውረድ። አዋጥተን ላሞች እንግዛ። አተላውንና እጣቢውን እነሱ ይጨርሱታል፤ ወተቱ ለሕፃንና ለአራስ፣ እበቱ ለጓሮ ይሆናል። የታችኛው ሰፈር ሰውም ንጹሕ ውሃ ይጠጣል።»

ሰው ተስማማ፤ መዋጮ የሚሰበስብ ማኅበርም አቆመ። ቦዩ ተቆፈረ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጠፈ። ገንዳው ከአንድ ትልቅ የዋንዛ ግንድ ተቦረቦረ። አምስት ላሞች ተገዙ፤ መሪያቸው ዳለቻ የምትባል፣ ቀንዷ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ረጋ ያለች ላም ነበረች። አባባ ጠባቂ ሆኑና ከልጅ ልጃቸው ጋር ገንዳው አጠገብ ጎጆ ቀለሱ።

ነገሩ ሠራ። ላም ስትበላ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የቀረበላትን በአንድ ትንፋሽ አትጨርስም። ትጠጣለች፣ ትተኛለች፣ ታመሰኳለች፣ ደግሞ ትነሣለች። ጊዜ ከተሰጣት የወረደላትን ሁሉ ትጨርሰዋለች። ለዓመታት ወንዙ ጠራ። የጓሮው ጎመን ለመለመ። የታችኛው ሰፈር እናቶች ለዳለቻ አንገት ጨሌ አሰሩላት።

ከዚያ ቆዳ አልፊው መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ሲነገር አድማጭ ሁሉ ጥፋቱን በአንድ ሰው ክፋት ላይ ጥሎ መገላገል ይፈልጋል። ታታሪ ነበር። ሙያውን ያውቃል። ሥራ ፈተው ዋርካ ሥር ይውሉ የነበሩ አርባ ወጣቶች እሱ ግቢ ገብተው ደመወዝተኛ ሆኑ። ቆዳውን በውሃ ይዘፈዝፋል፤ ጸጉሩ እንዲለቅ በኖራ ያሳድራል፤ ቀጥሎ ነጋዴ ከሩቅ ከተማ የሚያመጣለትን አረንጓዴ ዱቄት በጥብጦ ያጠጣዋል። ከዚያ ጉድጓድ የሚወጣው ቆዳ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ በፈላ ውሃ ቢነከር እንኳ የማይበላሽ ነው። ገዢ ከየአገሩ ይመጣለት ጀመር። የጉድጓዱን ውሃ መድፊያ ግን አልነበረውምና ቦዩ በእሱም ደጅ እንዲያልፍለት ማኅበሩን ጠየቀ።

የማኅበሩ ዳኛ፣ «መዋጮህ ስንት ይሆናል?» አሉት።

«ከሁላችሁም እጥፍ እከፍላለሁ» አለ።

ጭብጨባ ሆነ። ምን ልትለቅ ነው ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም። አባባም በዚያን ቀን ላም ልትወልድ ስለነበር ስብሰባው ላይ አልተገኙም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ዓርብ ጠዋት ላሞቹ ገንዳው ድረስ መጥተው አሽተው ተመለሱ። ዳለቻ ብቻ አፏን ነከረች፤ ወዲያው ራሷን እያወዛወዘች ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ከአፏ አረፋ ወረደ። አባባ ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አደረጉና ተፉት። ይቆጠቁጣል። ከላይ ግን ማንም ይህን አላወቀም፤ ጠላ ጠማቂዋ እንደወትሮዋ አተላዋን ለቀቀች፣ ሌላዋም እጣቢዋን፣ ሌላውም የራሱን። ገንዳው ሞላ፣ ሞልቶ ፈሰሰ፣ የፈሰሰው ወንዝ ገባ። ያን ቀን ወንዝ የገባው የቆዳው ውሃ ብቻ አልነበረም። ዓመታት ሙሉ ከወንዙ የራቀው የመንደሩ እጣቢ በሙሉ፣ የሚጠጣው ስለጠፋ ብቻ፣ አንድ ላይ ወረደ።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። ዳኛው አባባን፣ «ጠባቂው ቢነቃ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር» ብለው ወቀሱ።

አባባ ሳይቆጡ፣ «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አታድርጉት» አሉ። «እኔ የምጠብቀው ታች ነው። ነገሩ የሚመጣው ከላይ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ላሞቹ ተመልሰው ጠጡ፤ ጉዳዩም ተረሳ። በሌላ ሳምንት ዓርብ እንደገና ሆነ። ሐሙስ ማታ ሐሙስ ማታ ጉድጓዱ እንደሚለወጥ የሚያውቁት አርባዎቹ ወጣቶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ዝም አሉ፤ እንጀራቸው ነውና።

ቆዳ አልፊው ግን ወሬው ደረሰው። በአንድ ሌሊት የሚለቀውን ትቶ በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት ማሳለፍ ጀመረ። እውነትም ላሞቹ መጠጣቱን አላቆሙም። ሁሉም እፎይ አለ፤ ዳኛውም «ይኸው ተስተካከለ» አሉ። የከፋው የመጣው ያኔ ነው። ላሞቹ ሲታዩ ደህና ናቸው፤ ወተታቸው ግን መራራ ሆነ። የጠጡት ሕፃናት ያስመልሳቸው ጀመር። እበቱ የተበተነበት ጎመን ጠርዙ ቢጫ እያለ ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ከነጭራሹ አልበቅል አለ። መጀመሪያ ላሞቹ እንቢ ሲሉ ቢያንስ ሰው አይቶ ነበር። አሁን ምልክቱ የሚታየው ሰው ከታመመ በኋላ ነው።

ማኅበሩ መፍትሔ አለኝ አለ። ተጨማሪ ላሞች ይገዙ፣ ገንዳውም ይስፋ ተባለ። ድሃው ዶሮውን፣ ሀብታሙ በጉን ሸጦ አዋጣ። አሥር ላሞች ሆኑ። አዲስ ገንዳ ተቦረቦረ፤ ተመርቆም ተበላ ተጠጣ። በሁለተኛው ወር አሥሩም ከሱ። ዳለቻ በአንድ የዝናብ ሌሊት ገንዳው ሥር ተኝታ አልተነሣችም።

በማግስቱ የአባባ የልጅ ልጅ ገበያ ወርዳ አንድ ጆንያ ቅል ገዝታ መጣች። ልጅቷ ያን ጊዜ ገና ትንሽ ናት፤ ከሰው ጋር ብዙ አታወራም፤ ከአያቷ ጋር ስትውል ግን ላም ምን እንደምትወድና ምን እንደማትወድ ጠንቅቃ ተምራለች። ማታ ቦዩን ተከትላ ወጣች። በእያንዳንዱ ደጅ፣ የቤቱ ውሃ ከቦዩ ጋር ገና ሳይቀላቀል በፊት ከሚወርድበት አፍ ላይ፣ አንድ አንድ ቅል አሰረች። ንጋት ላይ ቅሎቹን ሰብስባ ዋርካው ሥር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንደ ቤቶቹ ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። ከዚያ ቁጭ ብላ እስኪጠልሉ ጠበቀች።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቆሞ አየ። የጠላ ጠማቂዋ ቅል ከሥሩ ብቅልና ጌሾ አርግቷል፤ ለላም ደግ ነው። የአረቄ አውጪዋ ቅል ከሌሊቱ ጀምሮ ቢቀመጥም እስካሁን ለብ ያለ ነው፤ ሲወጣ የፈላ ነበር ማለት ነው። የሥጋ ሻጩ ቅል ከላይ ጣት የሚያህል ነጭ ሞራ ረግቶበታል፤ ቦዩን በየወሩ የሚደፍነው ይህ ኖሯል። የብረት ቀጥቃጩ ጥቁር ዝቃጭ አለው። የመጨረሻው ቅል ሲዘነበል የሚወርደው ውሃ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነው፤ በውስጡ የበግ ጸጉር ይንሳፈፋል።

እዚህ ላይ ሁሉም ወደ ቆዳ አልፊው ዞረ። ልጅቷ ግን መጀመሪያ የጠራችው ሥጋ ሻጩን ነበር፤ ቀጥሎ አረቄ አውጪዋን። ሁሉም «የኔ እኮ ትንሽ ናት» አሉ። አባባ አዳመጡና፣ «የሁላችሁም ትንሽ የምትገናኝበት ቦታ አንድ ነው፤ እኔ የምኖረው እዚያ ነው» አሉ።

ቆዳ አልፊው ተነሥቶ ቆመ። «ከሁላችሁም እጥፍ ከፍያለሁ።»

«ከፍለዋል ጋሼ» አለች ልጅቷ። «የከፈሉት ቦዩን ሊጠቀሙበት ነው። ላም ለመግደያ የሚከፈል መዋጮ ግን ማኅበሩ የለውም።»

«እሺ፣ ውሃ ልጨምርበት። ቀጭን ሆኖ ይውረድ።»

ልጅቷ ከአንዲት ሴት አንድ ጭብጥ ጨው ተቀበለች። «ይህን በስኒ ብበጠብጠው አንድ ጭብጥ ነው፤ በገንዳ ብበጠብጠውም ያው አንድ ጭብጥ ነው። ላሞቹ የሚጠጡት ገንዳውን በሙሉ ነው፤ ጨውም ሙሉውን ይገባቸዋል።»

«እንዲያ ከሆነ ታች ገንዳው ላይ አጥሩት! ጠባቂ የቀጠርነው ለምንድን ነው?»

ለዚህ አባባ ራሳቸው መለሱ። «ከአንተ ደጅ ሲወጣ አንድ ጉድጓድ ነው። ታች ሲደርስ የመንደሩ ውሃ ሁሉ ተጨምሮበታል። ከአንድ ጉድጓድ ለይቶ ማውጣት ይቻላል፤ ከሁሉ ውሃ ውስጥ ማን ይለየዋል? ያለህበት ቦታ ነው ነገሩን ቀላል የሚያደርገው። እኔ ጋ ከደረሰ በኋላ ማንም አያቀለውም።»

ቆዳ አልፊው ለጊዜው ዝም አለ፤ ከዚያ ግን እውነተኛውን ጉዳይ አነሣ። «ሥራዬን ከዘጋሁ አርባ ልጆች ወደ ዋርካው ሥር ይመለሳሉ። እናንተ ታበሏቸዋላችሁ?»

ዝምታ ሆነ። ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ከሰዉ ኋላ አንዲት ሴት ተነሣች። የታችኛው ሰፈር ሴት ናት፤ የማኅበሩ አባል ስላልሆነች በስብሰባው የመናገር ተራ የላትም፤ ዳኛው ግን አልከለከሏትም።

«ትልቁ ልጄ እዚያ ቆዳ ቤት ነው የሚሠራው» አለች። «ደመወዙን ሳይሸራርፍ ያመጣልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ትንሹ ደግሞ ወንዙን ጠጥቶ ሁለት ወር ተኝቷል። ትልቁ ባመጣው ገንዘብ ለትንሹ መድኃኒት እገዛለሁ። አንዱን ምረጪ አትበሉኝ። ሁለቱም ልጆቼ ናቸው።»

ከዚህ በኋላ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ይዘጋ አይዘጋ የሚለው ቀርቶ ምን ማድረግ ይችላል የሚለው መጣ። መልሱ የመጣው ደግሞ ከራሱ ከቆዳ አልፊው ግቢ ነው። ከአርባዎቹ አንዱ፣ ጉድጓድ በማገላበጥ እጁ የተሰነጣጠቀ ጎልማሳ፣ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «ንጹሕ ኖራ ሲገባበት አረንጓዴው ወደ ሥር ይወርዳል። አይቼዋለሁ። አንድ ሌሊት ቢያድር ከላይ ያለው ውሃ ይጠራል። የረጋውን ደግሞ አውጥተን እንደገና ልንሠራበት እንችላለን፤ ገንዘብ እኮ ነው የምንደፋው። ማርጊያ ጉድጓድ መቆፈር ሥራ ያስፈታናል ተብሎ ነው የተተወው።»

ሥርዓት ተሠራ። ቆዳ አልፊው በግቢው ውስጥ ሦስት ማርጊያ ጉድጓዶች ይቆፍራል፤ ጸጉሩን በወንፊት ይይዛል፤ የጠራውን ብቻ፣ በቀን፣ በዝግታ ይለቃል። አረቄ አውጪዋ አተላዋን እስኪበርድ በጋን ታሳድራለች። ሥጋ ሻጩ ሞራውን ደጁ ላይ ያስቀራል። ላሞቹ ሳይጎዱ በቀን ሊችሉት የሚችሉት ስንት እንደሆነ አባባ ተናገሩ፤ ያም ለየቤቱ ተከፋፈለ። በእያንዳንዱ ደጅ ላይ ክዳን ያለው አፍ ተሠራ፤ ልጅቷ በፈለገችው ሰዓት፣ ሳታስጠራ፣ ትከፍተዋለች። የጣሰ ይቀጣል፤ ከደገመ ደጁ በድንጋይ ይደፈናል።

የመጀመሪያው ዓመት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ለጥምቀት ትልቅ የቆዳ ትእዛዝ መጣ፤ ማርጊያ ጉድጓዶቹ ሞልተው ሳሉ ቆዳ አልፊው በአንድ ሌሊት ከፈታቸው። ልጅቷ ንጋት ላይ ክዳኑን ስታነሣ ውሃው አረንጓዴ ነበር። ዳኛው የቆዳ አልፊው ልጅ የክርስትና አባት ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚከፍለውም እሱ ነው። ቢሆንም ድንጋዩ ተነሥቶ ደጁ ላይ ተደረገ። አርባው ወጣቶች ሥራ ፈቱ፤ ማታ የልጅቷ ጎጆ ክዳን ላይ ድንጋይ ወረደ። አባባ በራፉ ላይ ተቀምጠው አደሩ።

ድንጋዩ የተነሣው አራተኛና አምስተኛ ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ ነው። ላሞቹ ቀስ በቀስ አገገሙ። ወተቱም መለስ አለ። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ያ አረንጓዴ ዱቄት የገባበት እበት የተበተነበት ጓሮ፣ ሰዎቹ ቢያርሱትም ቢያጠጡትም፣ ለልጆቻቸው ዘመንም ታጥሮ ቀረ። አተላ ይበሰብሳል፤ ያ ዱቄት አይበሰብስም።

ምሳሌው ለከተሞች ነው። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሠራው በሕያው ነገር ነው፤ በኩሬዎቹና በጋኖቹ ውስጥ ዓይነ ምድሩን፣ የምግብ ትራፊውንና እጣቢውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። በቆዳ አልፊው አረንጓዴ ዱቄት ውስጥ ያለውን ክሮሚየም ግን መብላት አይችሉም። ኃይለኛ አሲድና መርዝ ሲመጣባቸው ሥራቸውን ያቆማሉ ወይም ያልቃሉ፤ ያኔ የከተማው ሁሉ ፍሳሽ ሳይጣራ ያልፋል። መርዙ በዝግታ ከመጣ ደግሞ ግማሹ በእነሱ በኩል አልፎ ወንዝ ይገባል፣ ግማሹ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል።

በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ፣ ይህ በእውን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 አንድ ሰው ለፀረ ተባይ መሥሪያ ከሚውል ኬሚካል የተረፈ ዝቃጭ ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር አስደፋ። የማጣሪያ ጣቢያው ሠራተኞች ታመሙ፤ ጣቢያው ተዘጋ፤ በቀን 100 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ ፍሳሽ ሳይጣራ ለወራት ኦሃዮ ወንዝ ገባ። ያን ሁሉ ያደረገው የአንድ ሰው ድርጊት ነው፤ ወንዙን የበከለው ግን የመቶ ሺዎች ቤት ፍሳሽ ነው። በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1981 ንጋት ላይ ደግሞ ከአኩሪ አተር ማቀነባበሪያ ያመለጠ ሄክሴን የሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ መስመሩ ውስጥ ተን ሆኖ ከቆየ በኋላ ፈነዳ፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጎዳና ተደረመሰ። ሰው አለመሞቱ የንጋቱ ሰዓት ውለታ ነው።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ ተነሥተው በ1978 ያወጡት የቅድመ ማጣራት ደንብ ልጅቷ በቅል የሠራችውን ሥራ በአንቀጽ ያስቀምጣል። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ ከ5 በታች የሆነ ፍሳሽ በጥቅሉ ወደ መስመሩ አይገባም። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ሙቀት ሊቀጣጠል የሚችል አይገባም። የጣቢያውን ውሃ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያሞቅ አይገባም። መስመር የሚደፍን ስብና ጠጣር አይገባም። ውሃ ጨምሮ ማቅጠን እንደ ማጣራት አይቆጠርም። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ጣቢያ የሚችለውን ሰፍሮ ለፋብሪካዎቹ ያከፋፍላል፤ ከትላልቆቹ ደጃፍም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ራሱ ናሙና ይወስዳል።

ይህን ሁሉ የማነሣው አዲስ አበባን እያሰብሁ ነው። የቃሊቲው ጣቢያ ድሮ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ለማጣራት የተሠሩ ኩሬዎች ነበሩ፤ አዲሱ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ያጣራል። ላሞቹ በዙ፣ ገንዳው ሰፋ፤ ደግ ነገር ነው። በትንሿ አቃቂ ወንዝ ዳር ያሉ ቆዳ ፋብሪካዎች፣ የመኪና እጥበቶች፣ ጋራዦች፣ ሆቴሎች፣ ሆስፒታሎች ደግሞ ሁሉም የሚለቁት አላቸው፤ መስመሩ በተዘረጋ ቁጥር በደጃቸው ያልፋል። የአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚጠጣው ጎመንና ቆስጣ ወደ ገበያችን ይመጣል፤ የማናችንም ማዕድ ከዚህ ውጭ አይደለም። ማንሆል ከፍቶ የሚገባውን ሠራተኛ ደግሞ ማንም አያስበውም፤ ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣ ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር መስመር ውስጥ ከተገናኘ የሚፈጥረው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ይገድላል።

አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ከልክሏል። በኋላ የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብም ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት እፎይታ ሰጥቷቸው ነበር፤ ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። በእኔ እምነት ማንኛውም ፋብሪካ ከመስመሩ ጋር ከመያያዙ በፊት ስንት ይከፍላል ከሚለው ቀድሞ ምን ይለቃል ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ተቆጣጣሪው በፈለገው ሰዓት የሚከፍተው ክዳን ደጃፉ ላይ ሊኖረው ይገባል፤ የአርባ ሰው ደመወዝ ቢያዝም ድንጋዩን ለማስቀመጥ የማያመነታ ዳኛ ያስፈልጋል። ድንጋዩ ደግሞ የሚነሣው ጉድጓዱ ሲቆፈር ነው፤ የታችኛው ሰፈር እናት የጠየቀችው ይህን ነው።

ከአሜሪካው ደንብ በጣም የምቀናበት አንድ አንቀጽ አለ። የከተማው ባለሥልጣን ደንቡን በጉልህ የጣሱትን ተቋማት ስም በየዓመቱ በጋዜጣ የማሳተም ግዴታ አለበት። እኛም ብናደርገው የመጀመሪያው ተጠቃሚ በራሱ ወጪ ማርጊያ ጉድጓዱን የቆፈረው፣ ክሮሚየሙን መልሶ የሚጠቀመው፣ ጎረቤቱ በሌሊት እየለቀቀ በርካሽ ስለሚሸጥ ገበያ የሚያጣው ፋብሪካ ነው። ዛሬ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው።